የሁለት ቤት ግራሞፎን

የግራሞፎኑ ሣጥን የአባቴ ነበር፤ ጡሩምባው ደግሞ የጎረቤታችን። ልጅ ሳለሁ ይህ ምንም አይደንቀኝም ነበር። ግራሞፎን የሚባል ነገር በየትም አገር ሁለት ቤት ተከፍሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ ሣጥኑ እዚህ፣ ጡሩምባው እዚያ፣ መሐላቸው አንድ የድንጋይ ግድግዳ።

አባቴ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። በወጣትነቱ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ እዚያው ቀረ። ጎረቤታችን ባቡር ነጂ ነበሩ፤ የሐረር አካባቢ ሰው፣ ሙስሊም፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ሲስቁ ግቢው ዳር ድረስ የሚሰሙ። እኔ ጋሼ እላቸው ነበር። የእኛና የእነሱ ቤት ለጣቢያው ሠራተኞች ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች መጨረሻ ላይ ተጣብቆ የቆመ ነው። በረንዳችን አንድ ነው፣ የኒም ዛፋችን አንድ ነው፣ ውኃ የምንቀዳበት ቧንቧ አንድ ነው። በእናቴና በጋሼ ሚስት መካከል ሥጋ የሚሠራበት ድስት ብቻ ነበር የሚለየው።

ግራሞፎኑ የመጣው ቡፌ የሚባለውን የጣቢያውን ምግብ ቤት ይዞ ከኖረ አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ አባቴና ጋሼ አዋጥተው ከነዘፈን ሸክላዎቹ ገዙት። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ታሪኩን ግን ደጋግሜ ስለሰማሁት እንዳየሁት ያህል ነው። በእጅ ጋሪ እየገፉ ግቢ ሲያደርሱት የት ይቀመጥ የሚለው ነገር ተነሣ። ጋሼ፣ «አንተ ቤት ይሁን፤ እኔ እንደሆን መንገደኛ ነኝ» ይላሉ። አባቴ፣ «የለም፣ አንተ ዘንድ ነው እንግዳ የሚበዛው፣ ያንተ ይሁን» ይላል። ክርክሩ ሲረዝምባት እናቴ ጡሩምባውን ከሣጥኑ ነቅላ ለጋሼ ሚስት አስታቀፈቻት።

«በቃ፣ እንዲህ ይሁን» አለች። «አንዳችሁ ሌላውን ሳትጠሩ እንዳትሰሙ።»

በቀልድ ነበር ያለችው። እንደዚያው ግን ቀረ።

ጋሼ ባቡሩን ይዘው ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ግራሞፎኑ ዝም ይላል። ሲመለሱ ታጥበው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ጡሩምባውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በረንዳውን ያቋርጣሉ። ከውጭ ጥቁር፣ ከውስጥ ቀይ፣ አፉ እንደ አበባ የፈካ ትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ ነበር። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ተላልጧል። ልጃቸው እኩያዬ ነበረች፤ ሸክላዎቹን ከየወረቀታቸው የማውጣቱ ሥራ የእኔና የእሷ ነው። አባቴ የሣጥኑን መዘውር፣ ማኖቬላውን፣ ይጠመዝዛል፤ ጋሼ ጡሩምባውን ከሣጥኑ በወጣው ጎባጣ ቧንቧ ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ አባቴ መርፌውን እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቆ ሸክላው ላይ ያሳርፈዋል።

መጀመሪያ የሚሰማው ዘፈኑ ሳይሆን የጋለ ዘይት ይመስል የሚንሿሿ ድምፅ ነው። ከዚያ ሥር ማሲንቆው ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰውየው። ከሸክላዎቹ አንዱ ስንጥቅ ስለነበረበት በዞረ ቁጥር «ጠቅ» ይላል፤ እኔና ጓደኛዬ በየጠቅታው ትከሻችንን እንሰብቅ ነበር። ድምፁ ኃይለኛ አልነበረም። በሩ ገርበብ ካለ ክፍል ውስጥ ሰው ለራሱ ሲያንጎራጉር እንደመስማት ነው። ያ ለስላሳነት የቆርቆሮው እንደሆነ የተረዳሁት ብዙ ቆይቶ ነው፤ ልጅ ሆኜ ዘፋኙ የሚያፍር ሰው ይመስለኝ ነበር።

የድሮው ባቡር በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ መዘግየት ጀመረ፣ ከዚያ አንዳንድ ቀን መቅረት፣ ከዚያ ጨርሶ አልመጣም። የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ተራ በተራ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ፍየሎች የትኬት መቁረጫው መስኮት ሥር መተኛት ጀመሩ። ጋሼም የሚስታቸው ዘመዶች ወዳሉበት ድሬዳዋ ለመሄድ ቆረጡ። እኔና ጓደኛዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን።

ዕቃው በሚጫንበት ቀን አባቴ የግራሞፎኑን ሣጥን ራሱ ተሸክሞ አይሱዙው ላይ አስቀመጠው። ጋሼ መልሰው አወረዱት።

«ሣጥኑ ይቅር» አሉ። «ጡሩምባውን እወስዳለሁ።»

«ያለ ሣጥን ምን ያደርግልሃል?»

«ይዤው እመጣለሁ። ለመምጣት ምክንያት ይሆነኛል።»

ጓደኛዬ ጡሩምባውን እንደ ባርኔጣ አናቷ ላይ ደፍታ ስለነበር ሁላችንም እየሳቅን ነው የተለያየነው። መኪናው ዋናው መንገድ ገብቶ ከዓይን ሲጠፋ እናቴ ወደ ቤት ገባች። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ቀረ።

ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀው ሁለት ጊዜ መጡ፣ ጡሩምባውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ከዚያ በኋላ ነገር ተደራረበ። የእሳቸው ሚስት ሞቱ፤ አባቴ ለቀብር ወርዶ ተመለሰ። ቀጥሎ እናቴ ታመመችብን፣ እሷም አረፈች። ጋሼ ለለቅሶዋ አልመጡም። ስልካቸው አይሠራም ነበር፤ ሰው ብንልክም ቤት ለውጠዋል ተባልን። አባቴ ስለዚህ አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲወጣው አልሰማሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሣጥኑን የሸፈነበትን ጨርቅ ይገልጥና ሞላው እንዳይደርቅ ማኖቬላውን ያዞራል። ሸክላ አያስቀምጥም። ባዶው ሰሐን እየዞረ፣ እየዞረ፣ ደክሞት ይቆማል። አባቴም እስኪቆም ድረስ ከአጠገቡ አይነሣም ነበር።

እኔ ተምሬ ሰመራ የመንግሥት ሥራ አገኘሁ። ሰመራ የመሥሪያ ቤት ከተማ ናት። ከየአገሩ የመጣን ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ የሒሳብ ሠራተኞች በየኪራይ ቤታችን ሆነን ሙቀቱ እስኪበርድ እንጠብቃለን። ጠዋት ገና ሳይግል ቢሮ እንገባለን፤ እኩለ ቀን ላይ ከተማው መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ያን ጊዜ ባጃጅ እንኳ አይገኝም። እኔ ቀን መተኛት አይሆንልኝም፤ ቬንትሌተሩ ሥር ተጋድሜ ስልኬን እነካካለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ስመለከት የድሮ ግራሞፎን የሚሰበስቡ ሰዎች ገጽ ላይ ወደቅሁ። ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጡሩምባዎች እንደ አበባ መደብር ተደርድረዋል። አንዱ ልክ የእኛን ይመስላል። ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

በዚያው ገጽ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ሰብሳቢ አገኘሁ። በአካል አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው ድምፁን ነው፤ ረጋ ያለ፣ ዕቃን ሲጠራ እንደ ሰው የሚጠራ። አዋሽ በሄድኩበት ጊዜ ያነሣሁትን የሣጥኑን ፎቶግራፍ ላክሁለት።

«ሣጥኑ እውነተኛ ነው» አለኝ ደውሎ። «መርፌውን የያዘው ክብ ራስ ግን አይደለም፤ ኋላ የተተካ ቅጂ ነው። ማኖቬላውም የተለወጠ ይመስለኛል።»

«ጡሩምባስ ይገኝለታል?»

«እህቴ፣ ከግራሞፎን ዕቃ ቀድሞ የሚጠፋው ጡሩምባ ነው። ይረገጣል፣ ይዝጋል፣ ልጅ ይጫወትበታል። አሁን በየገበያው የምታያቸው አብዛኞቹ ትናንት ተሠርተው ያረጁ የተደረጉ ናቸው።»

ቅጂው እንዴት እንደሚለይ ነገረኝ፤ ስፌቱን፣ ክብደቱን፣ ዝገቱ እውነተኛ ይሁን በአሲድ የመጣ። እሱ ራሱ ቅጂ ቤቱ አያስገባም። «እንደዚያ ከሆነ ይቅር» ብዬ ልተወው ስል ግን ሳቀ።

«ለመሸጥ ከሆነ ቅጂ አትግዢ። ለመስማት ከሆነ ግዢ። ጆሮ የልደት ወረቀት አይጠይቅም።»

የቆርቆሮ አልተገኘም። የተገኘው ህንድ አገር የተሠራ የነሐስ ጡሩምባ ነው። ሰብሳቢው በካርቶንና በስፖንጅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ይዤው ገብቼ አልጋዬ ላይ ፈታሁት። እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል። ፊቴ ውስጡ ተዘቅዝቆ ታየኝ። ሞኝነት እንደሆነ እያወቅሁ ጆሮዬን አስጠጋሁት፤ የቬንትሌተሩን ድምፅ አጉልቶ መለሰልኝ።

ጎባጣውን ቧንቧ አስቀድሜ ከአዋሽ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለአባቴ «ዝገቱን ላስጠርገው» ብዬ። ልሰካው ስሞክር የህንዱ አንገት ሰፍቶ ዋለለ። ጨርቅ ብጠቀልልበትም አልያዘ። በዚያው ሰሞን ለመስክ ሥራ ወደ ዲቾቶ የምንሄድበት ቀን ደረሰና ሁለቱንም ይዤ ሄድሁ። ዲቾቶ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪኖች የሚያርፉባት ስለሆነች ራዲያተር የሚበይድ አይጠፋም። ያገኘሁት በያጅ በመኪና ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጡሩምባውን አገላብጦ አየው።

«የመስጊድ ነው የሠርግ?»

«የግራሞፎን ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ያለ መብራት የሚዘፍን።»

«እንደዚያ ከሆነ ለእኛ ከተማ የሚሆን ነው» አለና ሥራውን ጀመረ። ከተጣለ ራዲያተር ላይ ነሐስ ቆርጦ ቀለበት ሠራ፣ አጋለው፣ አንገቱ ውስጥ በየደው። ሲቀዘቅዝ ቧንቧው ግጥም አለ። ከዚያ ልሞክረው ብሎ አፉን ደግኖ ነፋበት። ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች በሙሉ ዞሩ፤ አንዱ ከመኪናው ሆኖ በክላክስ መለሰለት። ያን ቀን እስከ ሰመራ ድረስ ብቻዬን ፈገግ እያልሁ ተመለስሁ።

ፈቃድ ወስጄ ወደ አዋሽ የሄድሁት በዚያው ሳምንት ነው። ረጅሙን መንገድ ጡሩምባውን ታቅፌ ተቀመጥሁ። ከመኪና ወርጄ ግቢያችን ስደርስ አባቴ በር ላይ ነበር። በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ነገር እንዳየ ፊቱ ተለወጠ። ዓይኑ ከእኔ አልፎ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ፈለገ። ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። ጡሩምባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደዚያ ቤት የሚመጣው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ አባዬ» አልሁት። «አዲስ ነው።»

«እሰይ፣ እሰይ» አለ ቶሎ ብሎ። «ግቢ፣ ሙቀቱ አይምታሽ።»

ሰካነው። ማኖቬላውን አዞረ። ስንጥቁን ሸክላ መረጠ። መርፌው ሲያርፍ ድምፁ ከነሐሱ ውስጥ ፈንድቶ ወጣ፤ ብሩህ፣ ስለታም፣ ጥርስ የሚነካ። ያ የሚያፍረው ዘፋኝ አሁን ገበያ መሐል ቆሞ የሚጮህ ሰው ሆኗል። «ጠቅ» የምትለዋ እንኳ የሚስማር ምት መሰለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያ ተነሥቶ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ከልብስ ሣጥን አወጣ፣ አጣጥፎ ጡሩምባው አፍ ውስጥ ከተተው፤ እንደገና አጫወተው። አሁን ትንሽ ለዘበ።

«አልወደድከውም?»

«ወድጄዋለሁ እንጂ» አለ። ነጠላውን እያስተካከለ፣ «ብቻዬን ሰምቼው ስለማላውቅ ነው» አለ።

እኔን አልቆጠረኝም ማለት ነው፤ ትክክል ነበር። እኔ ሸክላ አቀባይ ነበርሁ። ለአባቴ የጎደለውን ዕቃ ፈልጌ አገኘሁ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እሱ ያልፈለገውን ይዤ ነው። ያን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጬ የጋሼን ልጅ በፌስቡክ መፈለግ ጀመርሁ። ከዚህ በፊትም ፈልጌያት አውቃለሁ፤ በስሟ ብዙ ሰው አለ። በዚህኛው ግን ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ፎቶ ላይ ደረስሁ። ወፍራለች፣ ሻሽ አስራለች፣ ፈገግታዋ ግን ያው የዚያች ጡሩምባ የደፋች ልጅ ነው። «የአዋሽዋ ነሽ?» ብዬ ጻፍሁላት። መልስ አልጻፈችም፤ ደወለች።

«አባትሽ አለ?» አለችኝ።

«አለ። የአንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ስኳሩ እግሩን አስቸግሮታል እንጂ አለ። ስለ እናንተ ሳነሣበት ወሬ ይለውጣል። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሁለቱ አንዱም ሳያውቅ፣ ስልኮቹን አገናኘን። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ከሣጥኑ አጠገብ አስቀመጥሁት።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ባቡር ነጂው ነኝ» አለ ከዚያ ወገን ያለው ድምፅ። ቀጥኗል፣ ግን የሳቸው ነው።

አባቴ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። እንዴት ነህ ሳይባባሉ ጋሼ ቀጠሉ፤ ሲያስቡት የኖሩት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«ጡሩምባው የለም። ጎርፍ ገብቶብን ከጓዳ ይዞት ሄደ። ፈልጌ ፈልጌ አሸዋው ውስጥ ተጨማድዶ አገኘሁት። አላህ ያየኛል፣ ለማቃናት ያልሄድኩበት ቆርቆሮ ሠሪ የለም። አልሆነም። ከዚያ ምን ብዬ ልምጣ? ምን ብዬስ ልደውልልህ? የሚስትህን ማረፍ ስሰማ ደግሞ ጭራሽ ፊቴን የት ላድርገው?»

«ለቆርቆሮ ብለህ ነው?» አለ አባቴ። «ለአንድ ቆርቆሮ ብለህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የጠፋኸው?»

«ቆርቆሮው እኮ ያንተም ነበር።»

«አንተስ? አንተስ የማን ነበርክ?»

ጓደኛዬ ወዲያ ማዶ ስታለቅስ ይሰማኛል። ከሁላችን ቀድሞ የተነሣው አባቴ ነው። «ቆይ፣ አንድ ነገር ላሰማህ» አለና ማኖቬላውን አዞረ። ሸክላውን አስቀመጠ፤ ስልኩን አንሥቶ ጡሩምባው አፍ ላይ ያዘው። ጋሼ ትንሽ አዳመጡ።

«ሰውየው ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

አባቴ እንደዚያ ሲስቅ እናቴ ካረፈች ወዲህ አይቼው አላውቅም። «ነሐስ ነው! የህንድ ነው! ልጅት ናት ያመጣችው።»

«ወላሂ ጯሂ ነው። መሐረብ ክተትበት።»

«ነጠላ ከትቼበት ነው እኮ!»

ከኢድ በኋላ ጋሼ መጡ። ከድሬዳዋ የመጡት በአዲሱ ባቡር ነው፣ በልጃቸው ተደግፈው። አባቴ ለዚያ ቀን የበሩን ቀለም አድሷል፣ የኒሙን ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ቆርጧል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ራቅ ብሎ ስለሆነ በባጃጅ ሄደን ተቀበልናቸው። ሁለቱ ሲተቃቀፉ የጋሼ ከዘራ ወደቀ፤ ያነሣው ሰው አልነበረም፣ እኔና ጓደኛዬም ተቃቅፈን ነበር። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ጋሼ በድሮው ጣቢያ እንድናልፍ ጠየቁ። መድረኩ ላይ ቆሙ። ሐዲዱ መሐል ቁጥቋጦ በቅሏል፤ የአባቴ የቴሌግራፍ ክፍል በር የለውም።

«ግባና ምታ» አሉት ለአባቴ በከዘራቸው ወደ ክፍሉ እያመለከቱ። «ባቡሩ ደርሷል በል።»

አባቴ በሩ ድረስ ሄደ። ውስጥ አልገባም።

በረንዳው ላይ ግራሞፎኑን አወጣን። ጋሼ ነሐሱን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ የዲቾቶውን ብየዳ በጣታቸው ዳሰሱ፤ «ይሄ ጥሩ እጅ ነው» አሉ። አንድ ሸክላ ሰሙ። ሁለተኛው ላይ ወሬ ጀመሩ፤ ስለ አንድ የቆየ አለቃ፣ ስለተገለበጠ ፉርጎ፣ ስለ ሚስቶቻቸው። ሞላው እያለቀ ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ መጣ፣ ቃሉ መሐል ላይ ቆመ። ማኖቬላውን ለማዞር ማንም አልተነሣም። እነሱ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

እኔና ጓደኛዬ የውኃው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠን አየናቸው። ይህን ቀን ስንት ዓመት ተመኝቼዋለሁ። ሲመጣ ግን አንድ ነገር ቀረብኝ፣ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ መናገር አልቻልሁም። ግቢው እሱ ነው። በረንዳው እሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በየቦታቸው አሉ። ጓደኛዬ የአባቷን የመድኃኒት ሰዓት በስልኳ ታያለች፤ እኔ የሰመራ መመለሻዬን አስባለሁ። ሸክላ የሚያቀብሉት ሁለቱ ልጆች የሉም።

«ግቢው እንዲህ ጠባብ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ሰፊ ነበር» አልኋት። «በጣም ሰፊ ነበር።»

በመጡ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ፣ ጋሼ ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ሁለቱ ይደዋወላሉ፤ አባቴ አንድ ሸክላ ያሰማቸዋል፣ እሳቸውም የነሐሱን ጩኸት ይሳደባሉ። ክረምቱን እንዲሁ አሳለፉ። ዳግመኛ ኢድ ሳይደርስ ጓደኛዬ አንድ ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋን ስሰማ አወቅሁ። ጋሼ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ሰግደው ከተኙበት አልተነሡም። እኔ ከሰመራ፣ አባቴ ከአዋሽ ተነሥተን ለለቅሶ ድሬዳዋ ተገናኘን። አባቴ ወንዶቹ መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የጋሼ ዘመዶች «ወንድሙ ነው» እያሉ ያስተዋውቁት ነበር። አላረመም።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ የአዲስ አበባው ሰብሳቢ ደወለልኝ። በደስታ ቃሉ ይቀዳደም ነበር።

«ተገኘልሽ! ጥቁር፣ ውስጡ ቀይ፣ የአበባ ቅርጹ። እውነተኛ ነው፣ ስፌቱን አይቻለሁ። አንድ ቤተሰብ ዘንድ ጣራ ሥር ተቀምጦ የኖረ። ህንዱን መልሽልኝና ይሄን ውሰጂ።»

ፎቶውን ላከልኝ። ቀለሙ እንኳ እንደ እኛው ጠርዙ ላይ ተላልጧል። ለብዙ ሰዓት ከዓይኔ አላወጣሁትም። የፈለግሁት ይህ ነበር፤ ያ ለስላሳ ድምፅ በዚህ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። አዋሽ ስሄድ ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ስልኩን አራቀ፣ አቀረበ።

«አቤት! ቁርጥ እሱን» አለ።

«ላምጣልህ?»

ስልኩን መለሰልኝና ጨርቁን አንሥቶ ነሐሱን መወልወል ጀመረ። እርጥበት ያጠቆረው ቦታ ነበር፣ እሱ ላይ ቆየ።

«ይሄኛውን እሱ ሰምቶታል» አለ። «ሰድቦታል እንኳ። ያኛውን የማን ልበለው?»

ለሰብሳቢው አባቴ ቅጂው ይሻለኛል እንዳለ ነገርሁት። «እሺ እህቴ» አለ። ጡሩምባውን ሌላ ሰው ወሰደው። እውነቱን ለመናገር አሁንም አንዳንድ ቀን ፎቶውን እከፍተዋለሁ። ያ ድምፅ የሆነ ሰው ሳሎን ውስጥ አለ፤ እኔ ግን አልሰማውም።

አሁን ዓርብ ከሰዓት አባቴ የሚደውለው ለሁለታችን ነው፤ ለእኔ ሰመራ፣ ለጓደኛዬ ድሬዳዋ። መስመሩን የማገናኘው እኔ ነኝ። መስኮቴን ዘግቼ፣ ቬንትሌተሩን አጥፍቼ እቀመጣለሁ፤ እሷም ሱቋን ለጊዜው ገርበብ ታደርጋለች። እሱ ሸክላ ይመርጣል፤ የቱን እንደሚያጫውት አስቀድሞ አይነግረንም። ሲያልቅ መርፌውን ሲያነሣው ይሰማናል።

«ሰማችሁ?» ይለናል።

«ሰማን፣ አባዬ።»

«ሰማን፣ አባባ።»

እሱ ግን ነሐሱን የሚሳደብ ሦስተኛ ድምፅ የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ነው ስልኩን የሚዘጋው።